የእጁን ሥራ የራሱ መሆኑን ማሳመን ያቃተው ባለእጅ

ከ200 ዓመት በፊት የአውሮፓ ሀብታሞች ጣት ላይ የማይጠፋ ነገር ነበር፤ የግሪክና የሮም አማልክት የተቀረጹበት ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበት። ድንጋዩ ጥንታዊ ነው ከተባለ ዋጋው ሰማይ ይነካል። አዲስ ከሆነ ግን ይወርዳል። ታዲያ አንዳንድ ነጋዴዎች በዘመናቸው ያሉ ቀራጮችን በርካሽ እያሠሩ የጥንት ነው እያሉ ይቸበችቡት ነበር።

ከቀራጮቹ አንዱ ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 ሮም ተወለደ። ድንጋይ መቅረጽ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። ሥራው የጥንት ተብሎ እንደሚሸጥ ሲገባው አንድ ዘዴ ዘየደ፤ በሚቀርጸው ላይ ቶሎ ዓይን የማይገባ ትንሽ ምልክት ማኖር ጀመረ።

ለንደን በገባ ሰሞን የዕፅዋት ተመራማሪውን የሰር ጆሴፍ ባንክስን ምስል እየሠራ ሳለ፣ ሪቻርድ ፔይን ናይት የተባለ ዝነኛ ቅርስ ሰብሳቢ አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ። የአበባ አምላክ የፍሎራ ራስ ተቀርጾበታል። ናይት በውድ የገዛው ጥንታዊ ሥራ ነው ብሎ ነው። ፒስትሩቺ ግን ገና ሲያየው አወቀው። ሮም እያለ ለነጋዴ በትንሽ ገንዘብ የሸጠው የገዛ እጁ ሥራ ነበር! ምልክቱንም አሳየ።

ናይት ግን አልተቀበለም። እንዲያውም በራሷ ላይ ያሉት አበቦች ዛሬ የሌሉ የጥንት አበቦች ናቸው ብሎ ተከራከረ። ባንክስ ደግሞ የዕፅዋት ሰው ነውና ተራ ጽጌረዳ መሆናቸውን መሰከረ። ናይት በ1824 ሲሞት ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም አወረሰ። ፍሎራም አብራ ገባች።

ክርክሩ ግን ለፒስትሩቺ ስም አተረፈለት። በ1817 ለወጣው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም፣ ሶቨሪን፣ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ የሚገድለውን ቅዱስ ጊዮርጊስን የቀረጸው እሱ ነው። ፈረሰኛው የጥንት ግሪክ ሐውልት ይመስላል። በ1818ቱ የብር ሳንቲም ላይማ የቤተሰብ ስሙን ሳያሳጥር ጻፈበትና ብዙዎችን አስቆጣ። የውጭ ሰው ነው ተብሎም የዋና ቀራጭነት ማዕረግ ተነፈገ።

ፒስትሩቺ በ1855 እዚያው እንግሊዝ አረፈ። የሱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ዛሬም በሶቨሪን ላይ አለ። ከሥሩም በደቃቁ የስሙ መነሻ ፊደላት ተጽፈዋል። በወጣትነቱ ደብቆ ምልክት ያኖር የነበረው ሰው፣ በስተመጨረሻ ስሙን በወርቅ ላይ አስቀረ።