የአፍሪካን የኳስ ቤት ካቆሙት አንዱ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ



ባለፈው ዓመት ከጎረቤቶቻችን አንዱ ኀዘን ደርሶበት ድንኳን ተክለን ሳለን ማታ ማታ የሚያመሹት ወጣቶች ስለ ኳስ ያወሩ ነበር። መቼስ የዛሬ ልጅ የአውሮፓን ክለብ ከነተጠባባቂ በረኛው ያውቀዋል። እኛም ከጎን ሆነን እናዳምጣለን። በመካከሉ ከአዛውንቶቻችን አንዱ፣ የመላው አፍሪካን እግር ኳስ 15 ዓመት የመራው ኢትዮጵያዊ ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። ሁሉም ዝም አሉ። አንደኛው ሯጭ መሰለው። ሌላው ስሙን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ አለና ከዚያ ወዲያ መቀጠል አቃተው። አዛውንቱም ነገሩን አልገፉበትም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ተነሡ።

ነገሩ ግን እኛን ሳይከነክነን አልቀረም። እድር ማለት ሰው ሲሞት መቅበር ብቻ አይደለም፤ የሠራውንም ማስታወስ ነው ብለን እናምናለን። በመሆኑም በዘንድሮው መጽሔታችን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ተነሣን። የሳቸው ታሪክ የብሔራዊ ቡድናችንም ታሪክ ስለሆነ ሁለቱን አብረን እንተርካለን።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ መሆናቸው ይታወቃል። ልጅየው ግን ያደላው ወደ ኳስ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዘመን ወደ ክለቡ ገብተው ማሊያውን ለ23 ዓመት ለበሱ። ለክለቡ 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ጎል እንዳገቡ ታሪካቸው ይመሰክራል። ይህ እንግዲህ ደመወዝና የዝውውር ገንዘብ በሌለበት፣ ሜዳው አቧራ በሆነበት፣ ጫማ ማግኘት ራሱ ችግር በነበረበት ዘመን ነው።

ክለቡ በእግሩ ሳይቆም ጣሊያን አገሪቱን ወረረ። ወራሪው ኳስን አልከለከለም፤ ነገር ግን ነጭና ጥቁር ለየብቻ እንዲጫወት አደረገ። ኢትዮጵያዊው ከኢትዮጵያዊ ጋር ብቻ እንዲጋጠም ተወሰነ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተፍቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። አንድ የ15 እና የ16 ዓመት ወጣት በገዛ አገሩ፣ በገዛ ከተማው፣ በቆዳው ቀለም ተለይቶ ሜዳ ሲመደብለት ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምተው። ይህን ነገር እዚህ ላይ ያነሣነው በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ስለሚጠቅም ነው።

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያውን ጨዋታ ከጂቡቲ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 አሸነፈ። አቶ ይድነቃቸው ለብሔራዊ ቡድኑ በጠቅላላው 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ሆኖም የሳቸው ትልቁ ሥራ በእግር የተሠራው አይደለም፤ በጠረጴዛ ዙሪያ የተሠራው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ነጻ የነበሩት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሰኔ 1948 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በሊዝበን ሲሰበሰብ የአፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው አፍሪካም የራሷ ማኅበር ያስፈልጋታል ብለው ተስማሙ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ማኅበሩ ተመሠረተ። ከኢትዮጵያ በኩል ከተገኙት መሥራቾች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ከጎኑም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተዘጋጀ።

ታዲያ ገና ከመነሻው ፈተና መጣ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መለያየት ሕግዋ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ነው የምልከው ነው ነገሩ። እስቲ እናስበው፦ አራት ሆነው አንድ ማኅበር ሊያቋቁሙ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከወጣ ሦስት መቅረታቸው ነው። ለሦስት አገር ደግሞ የአህጉር ዋንጫ ተብሎ መጫወት መሳቂያ ሊያደርግ ይችላል። በእኛም እድር ቢሆን ገና ሲመሠረት አንድ አባል መዋጮዬን እከፍላለሁ፣ ግን ከእገሌ ጋር በአንድ ድንኳን አልቀመጥም ቢል፣ ለቁጥሩ ስንል እሺ እንል ነበር ወይስ አንልም? ሦስቱ አገሮች እሺ አላሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ተወገደች፤ ዋንጫው በሦስት አገር ተካሄደ።

ኢትዮጵያ በዕጣ የደረሰቻት ደቡብ አፍሪካ ስለነበረች ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን። አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የተባለው ተጫዋች ነው። ይኸው ሰው ከ11 ዓመት በኋላ በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲዘጋጅ አዲስ አበባ ላይ የፍጻሜውን ጨዋታ በዳኝነት መምራቱ ይገርማል። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም ቡድናችን በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፎ ከሦስት ሦስተኛ ሆኖ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ እንግዲህ በአፍሪካ ዋንጫ አንድም ጎል አላገባንም ማለት ነው።

ሦስተኛው ውድድር በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ያን ጊዜ የተሰለፉት አራት አገሮች ኢትዮጵያ፣ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ጥር 13 ቀን፣ የጥምቀት በዓል አልፎ ቃና ዘገሊላም በተከበረ ማግሥት፣ እሑድ ዕለት፣ ሁለት ጊዜ የረታችን ግብፅ እንደገና ፊታችን ቆመች።

ግብፅ ቀድማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጮቤ ረግጦ ሳያበቃ ግብፅ በደቂቃ ልዩነት ሁለተኛዋን አስቆጠረች። ብዙ ሰው በቃ አለቀ ሳይል አልቀረም። ዳሩ ግን በ84ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ደገመ፤ ጨዋታው ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመረ። 4 ለ 2! ዋንጫውን የኢታሎ ወንድም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ወንድማማቾቹ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። በወረራው ዘመን በቀለም ምክንያት ሜዳ ተለይቶለት የነበረው ልጅ አሠልጣኝ ሆኖ እንዲህ ያለውን ቡድን ለዋንጫ አበቃ። ለደቡብ አፍሪካ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ትግል ወደ ዓለም መድረክ ዞረ። ለ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም፤ የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያው ጋር ተጋጥሞ ከረታ ብቻ ነው የሚያልፈው። በዚህ ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን መልሶ ተቀብሏት ነበር፤ የነጮቹም ፌዴሬሽን ለአንደኛው የዓለም ዋንጫ ነጭ ብቻ፣ ለሚቀጥለው ጥቁር ብቻ ልላክ የሚል ሐሳብ ማቅረቡ ይታወሳል። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ተቃውሞውን ከመሩት ዋነኞቹ ናቸው። የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ከውድድሩ ወጡ። በወቅቱ ጉዳቱ የራሳቸው የተጫዋቾቹ ነበር፤ ጋናን የመሰለ ጠንካራ ቡድን የዓለም ዋንጫ ሳያይ ቀረ። ውጤቱ ግን ብዙ አልዘገየም። በ1970ው (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ በ1982ቱ ሁለት ሆነ። ለ2026ቱ የተመደበላት ቀጥተኛ ቦታ 9 ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን የአፍሪካ ቡድኖች ሲጫወቱ ዓይተን ስንደሰት ያ ቦታ በነጻ የተገኘ አለመሆኑን ብናስታውስ መልካም ነው።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ኃላፊነት ቆዩ። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በሳቸው ዘመን የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በ1975፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ውድድርም በ1979 (እ.ኤ.አ.) ተጀመሩ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ፊፋ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አባረረ። የአፍሪካ ልጆች በገፍ ወደ አውሮፓ ክለቦች መሄዳቸውም ያሳስባቸው ነበር፤ የቤቱ ውድድር ባዶ እንዳይቀር ይሰጉ ነበር። ይህ ስጋት ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው ላይ ዛሬም ሰው ይከራከራል። የአገራችንን የክለብ ጨዋታ ትተን የውጭውን ብቻ የምንከታተለው እኛው ግን ለክርክሩ ማስረጃ ሳንሆን አንቀርም።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፋፈን አይገባም። ለአፍሪካ ቤት የሠሩት የአቶ ይድነቃቸው የገዛ ቤት እየደከመ ሄደ። ኢትዮጵያ ከ1954 ወዲህ ዋንጫውን አላነሣችም። በ1956 ጋና ላይ አራተኛ፣ በ1960 በአገራችን አራተኛ ሆንን። በ1968 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና በአገራችን ሲዘጋጅ ከምድባችን ማለፍ አቃተን፤ ፕሬዚዳንቱ እሳቸው ናቸው፣ አዘጋጇ አገራቸው ናት፣ ዋንጫው ግን ሞሮኮ ሄደ። ስለራስ ቡድን ብሎ ሕግ የሚያጣምም ሰው ቢሆኑ ሌላ ነገር ይደረግ ነበር እንላለን። በ1974 ሊቢያ ላይ አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ ጥር 2005 ዓ.ም. 31 ዓመት ፈጀብን። ይህን መመለስ እሳቸው አላዩትም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ዐረፉ። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ መሞታቸው እንዲያው የቀን መገጣጠም ነው፤ ለሚያስታውስ ሰው ግን ቀኑን ለመያዝ ይመቻል። ደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዟ እየፈረሰ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድነት የተሰለፉበት ቡድንዋ በገዛ ሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ሱዳንም በ1970 (እ.ኤ.አ.) ዋንጫውን አንሥታ ስለነበር፣ ካርቱም ላይ አራት ሆነው የተነሡት አገሮች በመጨረሻ ሁሉም በየተራቸው ዋንጫውን ጨበጡ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሦስቱ ለቁጥር ብለው ቢሸነፉ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ የእድር ሰዎች የምንወስደው ምንድን ነው? ጎል ያገባ ሰው ለአንድ ቀን ይጨበጨብለታል። በስብሰባ ተቀምጦ ደንብ የሚያወጣ፣ ቃለ ጉባኤ የሚፈርም፣ አይሆንም ማለት ሲገባ አይሆንም የሚል ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጭብጨባ አያገኝም፤ የሠራው ቤት ግን ከሱ በኋላ ይቆማል። የእኛም እድር የቆመው እንዲሁ በየወሩ እየመጡ መዝገብ በያዙ፣ ዛሬ ብዙዎቹ በሕይወት በሌሉ ሰዎች ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ የሚመጣው ወጣት ቁጥር ከዓመት ዓመት መቀነሱን ሁላችንም እያየን ነው። ልጆቻችንን አታውቁም ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ ነግረናቸው እናውቃለን ወይ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስታዲየም ገብታችሁ ያን ጨዋታ በዓይናችሁ ያያችሁ፣ ወይም በራዲዮ የሰማችሁ አባላት ብትኖሩ፣ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ አውሩላቸው። መጻፍ ለሚያቅታችሁ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ እየመጣ ይጽፍላችኋል፤ በሚመጣው ዓመት መጽሔት እናወጣዋለን። የዚያ ቀን ምስክሮች እየተመናመኑ ስለሆነ ዛሬ ነገ አንበል።

የአቶ ይድነቃቸውንና አብረዋቸው የደከሙትን ሁሉ ነፍስ ይማር።