ከዘጌ እስከ ጅማ፦ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት

ከባሕር ዳር ተነስቶ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ገና ከውኃው ዳር የሚቀበለው የቡና ደን ነው። በደኑ ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያምና ሌሎችም ጥንታውያን አድባራት ይገኛሉ። በአካባቢው ትውፊት ቡናው የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስም በገዳሙ ሥርዓት ሲከለከል ኖሯል። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን በታንኳ ጭኖ ገበያ ያወጣል፤ በሽያጩም እህል ይሸምታል። ማኅሌቱ፣ የአገሩ ሕግና ንግዱ በአንድ ደን ጥላ ሥር ተቃቅፈው የሚኖሩበት ምድር ነው።

በዚህ ምድር በ1860 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሕፃን ተወለደ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ ገና ሦስት ወር ገደማ ቢሆን ነበር። ሕፃኑ በኋላ ሠዓሊ፣ የቋንቋ መምህር፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ፣ ነጋዴ፣ ነጋድራስ፣ ዲፕሎማትና በመጨረሻም የወራሪ መንግሥት ባለሥልጣን ሆኗል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአገራቸው ታሪክ ውስጥ እንደ እርሳቸው የሚመሰገንም የሚወቀስም ሰው ማግኘት ይቸግራል። ምስጋናውም ወቀሳውም ሐሰት አይደለም።

አፈወርቅ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀስመዋል። ሥዕልን ከዘጌ አድባራት ግድግዳ ጋር ተላምደው ማደጋቸው ግልጽ ነው፤ እነዚያ ግድግዳዎች ለማንበብ ላልታደለ ምእመን መጽሐፍ ሆነው የኖሩ ናቸውና። ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ዝምድና እንደነበራቸው ይነገራል። ወጣቱ ወደ ሸዋ ተሻግረው የምኒልክን ቤተ መንግሥት የተጠጉት፣ የእጅ ሥራቸውንም በእንጦጦ ያሳዩት በዚሁ ዘመን ነው። ተሰጥኦአቸው ታይቶ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጣሊያን ተላኩ፤ በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የአልቤርቲና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ገቡ።

ከጣሊያን የተመለሰው ሰው ከዘጌ የወጣው ልጅ አልነበረም። ቋንቋውን አጥርቶ ይናገራል፤ አለባበሱም አስተሳሰቡም ተለውጧል፤ የአገሩን ልማድ በሌላ ዓይን ያያል። ጊዜው ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ቅሬታ የቀሰቀሰበት ነበር። እቴጌ ጣይቱ የጣሊያንን ነገር ከማንም በፊት የጠረጠሩ ንግሥት ናቸው። ጣሊያን ቀመሱ ወጣት ሠዓሊና እቴጌይቱ ተቃቃሩ፤ ቅሬታውም ወደ ጥላቻ አደገ። በዚያ ዘመን ደግሞ የቤተ መንግሥት ቅያሜ የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ እንጀራም ሹመትም ይቆርጣል። አፈወርቅ በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ የሚሰማው ምሬት ሥሩ ከዚህ እንደሚመዘዝ የሚጠራጠር አንባቢ አይሳሳትም።

በ1887 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ከሄዱ ሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ አፈወርቅ ነበሩ። ሌሎቹ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣና ቅጣው ዘአማኑኤል ናቸው። ኑሯቸው በኖሻቴል ነበር። የዓድዋ ጦርነት ሲመጣ ሦስቱም ከስዊዘርላንድ ወጥተው ወደ ጣሊያን ገቡ። ሮም በክብር ተቀበለቻቸው፤ የልዑል ራስ ዳርጌን ልጅ በእጅ ማስገባት ለጦርነቱ ዘመቻ ትልቅ ሲሳይ ነበርና። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአገራቸው ሰው በዓድዋ ተራሮች ሲዋደቅ አፈወርቅ በጠላት ወገን ነበሩ። የመጀመሪያው መሻገር ይህ ነው። የእቴጌይቱ ቂም ምክንያቱን ሊያስረዳ ይችል ይሆናል፤ ድርጊቱን ግን አያነጻውም።

ከድሉ በኋላ ወደ አገር ቤት የሚያስገባ መንገድ አልቀረላቸውም። አፈወርቅ ጣሊያን ተቀመጡ፤ ኤውጄኒያ ሮሲ ከተባለች ጣሊያናዊት ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ ማስተማር ያዙ። አማርኛ የሚያናግሩት ወገን በሌለበት ከተማ ቀን ከሌሊት የሚያገላብጡት አማርኛን ሆነ። በጣሊያንኛ ያዘጋጁት የአማርኛ ሰዋስው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ሮም ታተመ፤ በ1911 ደግሞ ስለ አማርኛ ግስ የጻፉት ተከተለ። በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት መካከል በ1900 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ወጣች። ርእሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ብቻ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በጦርነት ነው። የክርስቲያኖች ሠራዊት ድል ይሆንና የጦር አለቃው ተማርኮ በባርነት ይሸጣል። አንድ ደግ ነጋዴ ነጻ እንዲወጣና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደርገዋል። ውለታው የቤተሰቡን ልብ አያሳርፍም፤ መንታ ከሆኑት ልጆቹ ወንዱ ዋሕድ ነጋዴውን ፈልጎ ውለታ ሊከፍል ይወጣል፤ እርሱም በተራው ለመከራ ይዳረጋል። ቀጥሎ አባትየውና ልጁ ጦቢያ ዋሕድን ፍለጋ ይነሳሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የምትሄደው። በመንገድ ከደረሰባቸው ብዙ ነገር በኋላ ክርስቲያን ባልሆነው ንጉሥ እጅ ይወድቃሉ። መጨረሻው ጥምቀትና ጋብቻ ነው፤ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል።

መጽሐፉን እንደ ተረት አንብቦ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙዎች በትምህርት ቤት እንደዚያ አልፈውታል። የደራሲውን ኑሮ አጠገቡ አድርጎ ላነበበ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ከወገኑ ተለይቶ በባዕድ ቤት የሚኖር፣ ማንነቱን በልብስ ሸፍኖ የሚሄድ፣ በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ወገኖችን በጋብቻ የሚያስታርቅ ሰው ታሪክ ነው። የደራሲው ጎጆም ከባዕድ ወገን ጋር የተቀለሰ ነበር። በዚያ ላይ ከሁሉ ደግ ሆኖ የተሣለው መኰንን ወይም መነኩሴ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ነጋዴ ነው። በጊዜው ጌታ የሚባለው ባለ ርስትና ባለ ጋሻ በነበረበት፣ ነጋዴ በንቀት በሚታይበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውን እንደ ዕቃ የሚሸጠው ገበያና ሰውን ከባርነት የሚያወጣው የነጋዴ ቸርነት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የባሪያ ንግድ በእርግጥ በሚካሄድበት ዘመን ይህን መጻፍ ሕጉንም ልማዱንም መጠየቅ ነበር።

ደራሲው ምሬታቸውን በልብ ወለድ ብቻ አልተነፈሱም። በዚያው ዘመን በፈረንሳይኛና በአማርኛ ያሳተሙት የመንገደኞች መምሪያ ለእንግዳ ቋንቋ ማስተማሪያ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ ያሉት ምልልሶች የአገሩን አስተዳደር፣ የወታደሩን ዘረፋና የገበሬውን ግፍ የሚያጋልጡ ናቸው። ትችቱ ብዙው እውነት ነበር። የጣሊያንን የኤርትራ አገዛዝ እንደ መልካም ምሳሌ ማቅረቡ ግን ከየት ወገን ሆኖ እንደተጻፈ ያስታውቃል። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለ የውዳሴ ታሪክ አሳተሙ። በአንድ እጅ ንጉሡን ያወድሳሉ፤ በሌላው መንግሥቱን ይወቅሳሉ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን የምኒልክ ታሪክ አንብበው ሚዛኑ የተዛባ ነው ሲሉ በጽሑፍ ነቅፈዋል፤ በተለይ ዐፄ ዮሐንስ የተሣሉበት መንገድ አስቆጥቷቸዋል። በአገራችን አንድ ዘመናዊ ምሁር የሌላውን ታሪክ አጻጻፍ በአደባባይ ከመረመረባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ አፈወርቅ መጽሐፉን አስቀምጠው ሚዛን አነሱ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኤርትራ ተመልሰው ንግድ ጀመሩ። በልብ ወለዳቸው ያከበሩትን ሙያ ራሳቸው ያዙት። በ1909 ዓ.ም. መስከረም ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ የአዲስ አበባ በር ተከፈተላቸው። እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ርቀው እንጦጦ ነበሩና የሚያስፈራቸው ሰው አልቀረም። አዲሱ መንግሥት ደግሞ የአውሮፓን ቋንቋና ንግድ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። በ1910ዎቹ የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኑ።

ድሬዳዋ በዚያ ጊዜ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ወጣት ከተማ ነበረች። ባቡሩ ከጅቡቲ የደረሰባት በ1895 ዓ.ም. ነው። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይገባል፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ህንዱና ፈረንሳዩ በአንድ ገበያ ይሻሻጣል። ነጋድራስ ማለት ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አይደለም። እንደ ቃሉ የነጋዴዎች ራስ ነው፤ በነጋዴዎች መካከል የሚነሳውን ክርክርም ይዳኛል። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ውል የውጭ ዜጋና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ የቆንስሉ ድምፅ በችሎቱ እንዲሰማ ካደረገ ወዲህ፣ ቋንቋና የአውሮፓን ሕግ የሚያውቅ ዳኛ ማግኘት የአገር ክብር ጉዳይ ሆኖ ነበር። አፈወርቅ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ዕውቀት ነበራቸው። ስደት የሰጣቸው ሁሉ፣ ቋንቋው፣ ከባዕድ ጋር የመኖር ልምዱና የንግዱ ዘዴ፣ ለአገራቸው የጠቀመው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሕይወታቸው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የዓድዋው ጉዳይ የወጣትነት ስሕተት ተብሎ በታለፈ ነበር።

አላበቃም። በ1920ዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ አፈወርቅን በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ አድርገው ሾሟቸው። ያች ከተማ አሁን የፋሺስቶች መናገሻ ሆናለች። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ተነሳ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ተያዘች። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡት ነጋድራስ ለሁለተኛ ጊዜ ከጣሊያን ወገን ቆሙ። ወራሪው መንግሥትም «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ማዕረጉ የንጉሡ የበላይ ዳኛ ይጠራበት የነበረውን የ«አፈ ንጉሥ»ን ስም ተክቶ የተፈጠረ ነው። ወላጆቻቸው በታላቁ ሰባኪ በዮሐንስ አፈወርቅ ስም የሰየሟቸው ልጅ የቄሳር አፍ ሆኑ።

ይህን ማዕረግ የተሸከሙበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ በደም ታጠበች፤ በአውሮፓ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የአፈወርቅ ብዕር በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረው የወራሪውን ሐሳብ በአማርኛ ለሚያሰራጨው «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» ጋዜጣ ነበር። ያ የበለጸገ አማርኛ፣ በናፖሊ ብቸኝነት የተሞረደው ቋንቋ፣ አርበኛውን ለማስተውና ገዢውን ለማስመስገን ዋለ። በዓድዋ ጊዜ በቂም ወይም በወጣትነት ማመካኘት ይቻል ነበር፤ አሁን ጣይቱም የሉም፣ ወጣትነትም የለም። ምናልባት አፈወርቅ ዘመናዊነት ከሮም እንጂ ከሌላ አይመጣም ብለው እስከ መጨረሻው አምነው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነም እምነታቸው የብዙ ሰው ደም ፊቱ ሲፈስ ያልተነቃነቀ ነው፤ ከባድ የሆነውም ይኸው ነው።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ አፈወርቅ ተይዘው ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ። በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ጠፋ። የዘጌን ግድግዳዎች እያየ ያደገው፣ በቶሪኖ ሥዕል የተማረው ዓይን ብርሃን ሳያይ በ1940 ዓ.ም. መስከረም እዚያው ጅማ አረፉ።

መጽሐፋቸው ግን ከባለቤቱ ጋር አልተጋዘም። በዋና ባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ በአገር ቤት ታተመ፤ ተማሪዎችም አነበቡት። «ጦቢያ» ሕዝቡ ኢትዮጵያን በፍቅር አሳጥሮ የሚጠራበት ስም ነው። አፈወርቅ ለመጽሐፋቸው የሰጡት ሌላው ርእስም ከእጃቸው ወጥቷል፤ ዛሬ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ፈጠራ ታሪክን «ልብ ወለድ» ሲል ከማን እንደተበደረው ሳያስበው የእርሳቸውን ቃል ይጠራል።