አበበ ቢቂላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ

በለቡ መብራት ኃይል የምንገኝ የማኅበሩ አባላት አበበ ቢቂላን የምናውቀው በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን በማሸነፉ ነው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ደገመው። ቤታችን ውስጥ በሽተኛ ለምናስታምም ግን የሚበልጥብን የኋላው ታሪኩ ነው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። የአራት ልጆች አባት ነበር። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ፤ እግሩ ግን አልተመለሰለትም። እሱም ቀስትና የጠረጴዛ ቴኒስ ያዘ። በ1963 ዓ.ም. በእንግድነት ኖርዌይ ተጠርቶ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። የመንዲዳው ልጅ በበረዶ ላይ! በሽተኛ አጠገብ ተቀምጠን ይህን ስናወራ ሳቅ አይጠፋም።

ሒሳብ ሠራተኞች ነንና የሕክምና ወጪ መደመር እናውቅበታለን። የባለቤቱ የወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ድካም ግን በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል?

አበበ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ። የተቀበረው ከሰፈራችን ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ዮሴፍ ነው።