ከሰማይ ሆኖ አገር ያነሳው ሰው

ለዚህ እትም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ አብዛኞቹ ጓደኞቼ ነገሥታትንና አርበኞችን መረጡ። እኔ ግን ዋልተር ሚተልሆልዘር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ አብራሪና ፎቶ አንሺ መረጥኩ። ደግሞ ፈረንጅ ምን ያደርግልሃል ያሉኝ አልጠፉም። ምክንያቴን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ባለፈው ዓመት ለዲፓርትመንታችን ኤግዚቢሽን ጂንካን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ አንድ ትልቅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ተባለ። እኔም ይሄማ ምን ያቅታል ብዬ ኃላፊነቱን ወሰድኩ። በቀትር ፀሐይ ሙዚየሙ ወዳለበት ኮረብታ ወጣሁ፤ ስልኬን በእጄ ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርኩ ሰባት ፎቶ አነሳሁ፤ እንደነገሩ አገጣጥሜ ለማተሚያ ቤት በስልክ ላክሁና ሦስት ሜትር ባነር ላይ አሳተምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው? ባነሩ ሲሰቀል ሰማዩ አንድ ቦታ ነጭ፣ ሌላ ቦታ ሰማያዊ ሆኗል። አጠገቤ የነበረው ዛፍ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በከተማው መሐል ያለው አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ተቆርጦ ግማሹ የለም! አባቴ ልጅ ሳለ የአውሮፕላን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከዚያ ሜዳ ላይ ከብት እያባረረ ያደገ ሰው ነው። ሊያይልኝ መጥቶ ባነሩ ፊት ለረጅም ጊዜ ከቆመ በኋላ ሜዳው የት እንደገባ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሰፊ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ ማንበብ የጀመርኩት፣ ከሚተልሆልዘርም ጋር የተዋወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሚተልሆልዘር እ.ኤ.አ. በ1894 ሳንክት ጋለን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ልጁ ግን የአባቱን ሙያ ትቶ ፎቶ ማንሳት ተማረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በአገሩ የአየር ኃይል ውስጥ በፎቶ አንሺነት ገባ፤ በ1917 ደግሞ አብራሪ ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ ፎቶ አንሺ ነው፣ ቀጥሎ ነው አብራሪ የሆነው። ብዙዎቹ የዘመኑ አብራሪዎች ፎቶን እንደ መዝናኛ ሲይዙት እሱ አውሮፕላኑን እንደ ካሜራ ማቆሚያ አደረገው ማለት ይቻላል።

በ1919 አልፍሬድ ኮምት ከሚባል አብራሪ ጋር የአየር ላይ ፎቶ የሚያነሳና መንገደኛ የሚያጓጉዝ ድርጅት አቋቋመ። በዚያው ዓመት በሞንት ብላንክ ተራራ ዙሪያ እየበረረ የበረዶ ግግሮቹን አነሳ። ድርጅቱ በ1920 አድ አስትራ ከተባለው የአየር መንገድ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ። ሚተልሆልዘር በ1923 ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ስፒትስበርገን ድረስ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ፋርስ በርሮ የደማቫንድን ተራራ ከአየር አነሳ።

የዚያን ጊዜ ሥራ እንደ ዛሬው አልነበረም። ኔጌቲቩ የመስታወት ሰሌዳ ነው፤ ከባድ ነው፣ ይሰበራል። አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍታው ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የያዝከው ሰሌዳ ውሱን ስለሆነ ከማንሳትህ በፊት ታስባለህ። ትልቅ ኔጌቲቭ ግን ትልቅ ጥቅም አለው። አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሰሌዳ አሥር ጊዜ ብታሳድገው ሜትር ከሰማንያ ስፋት ያለው ፎቶ ይወጣሃል፤ ዝርዝሩም እምብዛም አይደበዝዝም። ከዚህም ሌላ፣ ካሜራውን ቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን ዘንበል አድርጎ ሲያነሳ ከፊት ያለው መንደር፣ ከኋላው ያለው ተራራ፣ ከዚያ ማዶ ያለው አድማስ በአንድ ፎቶ ይገባሉ። ካርታ የማያሳየውን የአገር ቅርፅ የምታየው እንዲህ ባለው ፎቶ ነው።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን የአፍሪካ ጉዞው ነው። በታኅሣሥ 1926 በውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ከዙሪክ ተነስቶ፣ የዓባይን ወንዝና ታላላቆቹን ሐይቆች ተከትሎ፣ በየካቲት 1927 ኬፕታውን ደረሰ። ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሆኑ ነው። አብረውት አንድ የጂኦሎጂ ምሁር፣ አንድ ጸሐፊና አንድ መካኒክ ነበሩ። ቆይቶ ደግሞ በኪሊማንጃሮ አናት ላይ በአውሮፕላን በማለፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1931 አድ አስትራ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ስዊስኤር ሲመሠረት ከኃላፊዎቹ አንዱ እሱ ነበር።

ወደ እኛም አገር መጥቷል። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በ1929 ነው። ሚተልሆልዘር በ1934 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የተሸጠችውን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር አልፋ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በዚያ ጉዞ ከአየርም ከምድርም ብዙ ፎቶ አነሳ፤ በዚያው ዓመትም ስለ ሐበሻ በረራው መጽሐፍ አሳተመ።

እዚህ ላይ ግን ዝም ብዬ ማሞገስ አልፈልግም። ሚተልሆልዘር አፍሪካን ያየው በዘመኑ አውሮፓዊ ዓይን ነው። ከላይ ሲታይ ደግሞ አገር ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ጎጆው ነጥብ፣ ሰውየው ጉንዳን ነው። እሱ በመጣ በዓመቱ፣ በ1935፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በዚሁ ሰማይ መጥተው ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረዱብን። ያ የእሱ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ከላይ የሚያይ ሰው ከታች ማን እንደሚኖር ካልጠየቀ ፎቶው ጎዶሎ ነው ለማለት ነው። አባቴ ባነሩ ፊት ቆሞ የፈለገው አድማሱን አልነበረም፤ ከብት ያባረረበትን ሜዳ ነው።

ሰማዩ ያልገደለውን ሰው ተራራ ገደለው። በግንቦት 1937 ኦስትሪያ ውስጥ ተራራ በመውጣት ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ በ43 ዓመቱ ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎቹ ዛሬ ዙሪክ ባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2019፣ ማለትም ልክ በመቶ ዓመቱ፣ ከስኮትላንዱ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በሄሊኮፕተር ሆነው ሚተልሆልዘር በ1919 ሞንት ብላንክን ያነሳባቸውን ነጥቦች በአየር ላይ ፈልገው እንደገና አነሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የበረዶው መቅለጥ ክርክር የማያሻው ሆነ። ሰውየው ይህን አስቦ አይመስለኝም፤ ሰፋ አድርጎና አጥርቶ በማንሳቱ ግን ምስክር ትቶ ሄደ።

አሁን ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። የእኛ አካባቢ ፎቶ አልጎደለውም። ነገር ግን ቱሪስት የሚያነሳው የሙርሲን ከንፈር፣ የሐመርን ጸጉር፣ የካሮን ቀለም ነው፤ ገንዘብ ይከፈላል፣ ቀጭ ይደረጋል፣ አለቀ። መሬቱን ሰፋ አድርጎ ያነሳ ስንት ነው? የጊቤ ሦስት ግድብ በ2016 ከመመረቁ በፊት ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በዳርቻው ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎርፉ እንደ ድሮው አይመጣም። የሸንኮራ እርሻ ገብቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ በዳሰነች መንደሮች ላይ ውሃ ተኝቷል። የልጅ ልጆቻችን የቀድሞው ዳርቻ ምን ይመስል ነበር ብለው ቢጠይቁን ምን እናሳያቸዋለን?

ስለዚህ ፎቶውን ደግሜ አነሳሁ። በዚህ ጊዜ የወጣሁት ጠዋት፣ ጥላው ረዘም ብሎ ሳለ ነው። ስልኩን በማቆሚያ ላይ አቁሜ ውሃ ልኩን አስተካከልኩ፤ ከዛፉ ራቅሁ፤ ብርሃኑን በየፎቶው እንዳይቀያይረው ቆለፍኩት። ስልኩን አቁሜ አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳሁ፤ እያንዳንዱም ከጎረቤቱ ሲሶውን እንዲጋራ አደረግኩ። ሲገጣጠም ስፋቱ ሃያ አምስት ሺህ ነጥብ ያህል ሆነ፤ ሦስት ሜትር ላይ ሲታተም በአንድ ሚሊ ሜትር ስምንት ነጥብ ይደርሳል። ፋይሉንም እንደ በፊቱ በስልክ መልእክት ልኬ አላስጨመቅሁትም፤ በፍላሽ ይዤ ራሴ ሄድኩ።

አባቴ እንደገና መጣ። መነጽሩን አድርጎ ከግራ ጀመረና ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ። ሜዳው ጋ ሲደርስ ጣቱን አስቀመጠና ከብቶቹ በየት በኩል ይሸሹ እንደነበር አሳየኝ። እኔ በእስክሪብቶ በጀርባው ላይ የተነሳበትን ቀን፣ ሰዓትና የቆምኩበትን ቦታ ጻፍኩ።

ጓዶች፣ እናንተም ሰፈራችሁን እንዲሁ አንሱ፤ ቀኑንና ቦታውንም መጻፍ አትርሱ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው የቆማችሁበትን ቦታ መፈለጉ አይቀርምና። ቸር ይግጠመን!