ጂም ግሬይ እና መንገድ ላይ የቀረው ብር

ባለፈው ክረምት ላሊበላ እናቴ ጋ ሳለሁ እህቴ ከአዲስ አበባ ብር ላከችልን፤ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ። ከእሷ ሒሳብ ተቀነሰ፣ እኛ ጋ ግን አልገባም። እናቴ ብሩ ጠፋ ብላ እንቅልፍ አጣች። በማግስቱ ለእህቴ ተመለሰላት። እንዲህ ያለውን ጣጣ ቀድሞ ያሰበበት ማን ነው ብዬ ስፈልግ ጂም ግሬይን አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። አይቢኤም ሲሠራ በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ባለ ሁለት ዙር ማጽደቂያውን አብራራ፤ አስተባባሪው ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ዝግጁ ናችሁ ወይ ይላል፣ አንዱ እምቢ ካለ ሁሉም ይሰርዛሉ። እሺ ካሉ በኋላ አስተባባሪው ድምፁ ከጠፋ ግን መዝገባቸውን ቆልፈው መጠበቅ ነው። እናቴን ያስታውሰኛል።

በ1998 የቱሪንግን ሽልማት ወሰደ። በጃንዋሪ 2007 የእናቱን አመድ (እነሱ አስከሬን ያቃጥላሉ) ባሕር ላይ ሊበትን ብቻውን በጀልባ ወጣ፤ አልተመለሰም። ብዙዎች የሳተላይት ፎቶ እያዩ ፈለጉት። ሞቱ በሕግ የታወጀው በ2012 ነው።