ነጎድጓድን የመዘገበው መንገደኛ፦ አንቷን ዳባዲ



በክረምት ወራት በሸዋ ሮቢት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ በድንገት ደፍርሶ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ሊወርድ ይችላል። ዝናቡ የጣለው ቆላው ላይ አይደለም፤ በስተምዕራብ ባለው ገደላማ ደጋ ላይ ነው። ጎርፉ ግን ከብት ሊያጠጣ የወረደውን እረኛ ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ታዲያ ደመናው ለምን ገደሉን ይመርጣል? ነጎድጓዱስ ከምን ይመጣል? በሀገራችን ሰማይ ሥር ይህን የመሰለውን ነገር መሣሪያ ይዘው፣ ቀን እየጻፉ ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አንቷን ዳባዲ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓ.ም. ከተባለው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ በጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ሄደና እዚያው አደገ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1838 መጀመሪያ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። በየግዛቱ ሌላ ገዥ፣ በየኬላው ሌላ ቀረጥ ነው። ዳባዲ ግን በመካከሉ ክፉኛ ዓይኑን እየታመመ እንኳ እስከ 1848 ድረስ ከዚህ አገር ጉዳይ አልተለየም። ከትግራይ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎጃም፣ ከዚያም ግቤን ተሻግሮ እናርያና ከፋ ድረስ ዘለቀ። ይፋት ከመንገዱ ውጭ ነበረች። በዚያ ጊዜ ሸዋን ከአንኮበር ሆነው ይገዙ የነበሩት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው።

በየደረሰበት አፋፍ ላይ መሣሪያውን ተክሎ የተራሮችን አቅጣጫ ይለካል። ከፍታቸውን ለማወቅ ደግሞ ውኃ አፍልቶ ሙቀቱን ያነባል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት እኮ ነው!

ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱም ይዘጋል። ዳባዲ ይህን ጊዜ ዝም ብሎ አላሳለፈውም፤ ነጎድጓዱን ይከታተልና ይመዘግብ ነበር። በ1858 ስለ ኢትዮጵያ ነጎድጓድ ብቻ የሚናገር ጽሑፍ በፓሪስ አሳተመ። በ1873 ደግሞ በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸውን የምድርና የአየር ምርመራዎች በመጽሐፍ አወጣ።

እሱ የመዘገበውን የሰማይ ሥራ ዛሬ ሳይንስ እንዲህ ያስረዳዋል። በይፋት ላይ እንየው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በቆላው ላይ አልፎ ገደሉን ሲገጥም መሄጃው ሽቅብ ነው። አየር ሽቅብ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ደመና እስኪሆን ድረስ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። የቀዘቀዘው እንፋሎት በዓይን በማይታይ ብናኝ ላይ ተጠግቶ ጠብታ ይሆናል። ደመና ማለት ይኸው ነው። በጣርማ በር መንገድ ላይ መኪናውን መብራት የሚያስበራው ጉምም ከታች ላለው ሰው ደመና ነው።

የደመና ጠብታ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እንዲሁ አይወርድም። አንድ የዝናብ ጠብታ እንዲሆን አንድ ሚሊዮን ያህሉ መጣመር አለበት። ከፍ ባለው ደመና ውስጥ ደግሞ በረዶ ይፈጠራል። ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ኃይለኛ ከሆነ የበረዶውን ፍሬ እያነሣና እያወረደ ያወፍረዋል፤ ማሽላውንና ጤፉን የሚያጭደው በረዶ ይኸው ነው። የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይለያያል፤ ሲጠራቀምም በመብረቅ ይፈነዳል። መብረቁ አየሩን በቅጽበት ስለሚያግለው አየሩ ተስፋፍቶ ይጮኻል። ነጎድጓድ የምንለው ይህን ጩኸት ነው።

ወደ ዳባዲ እንመለስ። የሠራው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። የነጭ ዓባይን ምንጭ በግቤና በኦሞ በኩል አገኘሁ ብሎ አስታውቆ ብዙ ክርክር አስነሣ። ኦሞ ግን ቱርካና ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ይህንንም ጣሊያናዊው ቦተጎ በ1896 ወንዙን ተከትሎ ወርዶ አረጋገጠ። ስም ያስጠራል የተባለው ግኝት እንዲህ ሲወድቅ፣ ቀን በቀን የተጻፈው የልኬት መዝገብ ግን ሳይወድቅ ቀረ። የኢትዮጵያን ካርታ ለመሥራት የጠቀመው እሱ ነውና።

ዳባዲ በ1867 የሳይንስ አካዳሚው አባል ሆነ። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በአንዳይ ከተማ ባሠራው ቤተ መንግሥት መሰል ቤትም ግድግዳው ላይ አማርኛ አስጽፏል። ቤቱን ለአካዳሚው አውርሶ በማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ ዐረፈ።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን፣ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎንና ሰሜን ሸዋን እንዴት እንደጎዳ ከወላጆቻችን ሰምተናል። ዝናብ መቅረቱን በጊዜው የሚያውቅ ያለፈውን ዓመት ጽፎ የያዘ ሰው ነው። ለመጻፍ ደግሞ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ሜዳ ላይ አስቀምጦ በየጠዋቱ በማስመሪያ መለካት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

ወደ ይፋት ቆላ የምትመደቡ ደግሞ ለተማሪዎቻችሁ ሁለት ነገር አስተምሩ። አንደኛ፣ መብረቁ ብልጭ ሲል መቁጠር ይጀምሩ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ ከሜዳውና ከብቸኛ ዛፍ ሥር ርቀው ቤት ይግቡ። ሁለተኛ፣ በላይ በገደሉ ላይ ደመናው ጠቁሮ ሲያዩ፣ በራሳቸው ላይ ፀሐይ ብትወጣም እንኳ፣ ከወንዝ ውስጥ ይውጡ። ይህን ያወቀ ልጅ ከብቱንም ራሱንም ያድናል።