ማሪያን ቼስ

ማሪያን ቼስ (እ.ኤ.አ. 1896–1970) አሜሪካዊት ዳንሰኛና የዳንስ መምህርት ነበረች። ዘመናዊ ዳንስን ከመድረክ አውጥታ፣ በሆስፒታል ተዘግቶባቸው ለሚኖሩ የአእምሮ ሕሙማን መግባቢያ በማድረጓ ትታወቃለች። በዳንስ የማከም ሙያን በአሜሪካ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ ናት።

ወጣትነትና ትምህርት

ቼስ የተወለደችው በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ ነው። በወጣትነቷ ወደ ውሃ ስትዘል ጀርባዋን ተጎዳች፤ ሐኪምም ጀርባዋ እንዲጠነክር ዳንስ እንድትማር መከራት። በኋላ ሩት ሴንት ዴኒስና ቴድ ሾን በመሠረቱት የዴኒሾን ትምህርት ቤት ሠለጠነች፤ ከዚያም በዋሽንግተን ዲሲ አስተማረች። አንዳንዶቹ ተማሪዎቿ ዳንሰኛ የመሆን ዓላማ እንደሌላቸው ስታይ፣ ከእርምጃቸው ትክክለኛነት ይልቅ በእንቅስቃሴያቸው የሚገልጹትን ስሜት መከታተል ጀመረች።

በሴንት ኤሊዛቤትስ ሆስፒታል

እ.ኤ.አ. በ1942 በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የሴንት ኤሊዛቤትስ ሆስፒታል መሥራት ጀመረች። በዚህ የፌዴራል መንግሥት ሆስፒታል በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዙ ሰዎች ይገኙበት ነበር። ዘመኑ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ገና ያልተስፋፉበት ስለነበር፣ ብዙዎች በተቆለፉ ክፍሎች ረጅም ዓመታት ያሳልፉ ነበር። መናገር ያቆሙትን በንግግር ማከም አስቸጋሪ ነበር።

ቼስ ለሕሙማኑ የተዘጋጀ ዳንስ አላስጠናቻቸውም። ሙዚቃ ከፍታ ክብ እንዲሠሩ ትጋብዛቸው ነበር። አንዱ እጁን ቢያወዛውዝ ወይም እግሩን ቢመታ፣ እንቅስቃሴውን በራሷ ሰውነት ተቀብላ ትመልስለታለች፤ ይህም ስሜቱ እንደደረሳት የሚነግርበት መንገድ ነበር። ቀስ በቀስም ሌሎቹ በዚያው ምት ይቀላቀላሉ። በዚህ መንገድ ብቻውን የቆየ ሰው ቃል ሳይናገር ከሌሎች ጋር ይገናኝ ነበር።

ቅርስ

ቼስ በሜሪላንድ በሚገኘው የቼስትነት ሎጅ ሆስፒታልም ሠርታለች፤ ተተኪ ባለሙያዎችንም አሠልጥናለች። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ የዳንስ ሕክምና ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። በዳንስ የማከም ሙያ ዛሬ ከሆስፒታሎች አልፎ በእስር ቤቶችም ይሠራበታል፤ የታራሚውን እንቅስቃሴ መነሻ አድርጎ መጀመርና በክብ አብሮ መንቀሳቀስም ከእርሷ ዘዴ ጋር የተያያዙ ናቸው።